ወረደ ያልነው እብጠት

ይድረስ ለልጄ ለቃለ አብ ወርቁ፣
ጅቡቲ

ልጄ ቃልዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከርመሃል? ያ የእሳት አገር እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህስ፣ እህልህስ፣ ወገብህስ? አብረውህ የሚያድሩት የአገር ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? ስለ እኛ የጠየቅህ እንደሆነ፣ የተረፍነው አለን። አባትህ ደህና ናቸው፣ እህትህ ሰላም ደህና ናት፣ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ሐዘን የገባበት ቤት «ደህና ነን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለወንድምህ ተዝካር መጥተህ ያየኸው ስለሆነ አላብራራልህም።

ይህን ወረቀት ስታይ ሳትደነግጥ አትቀርም። በየእሑዱ በስልክ እየተነጋገርን ምን የሚጻፍ ነገር መጣ ትል ይሆናል። ነገሩ በስልክ የሚነገር ሆኖ አላገኘሁትም። አንተ ስትደውል ሰላም ድምፁን ከፍ አድርጋ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አባትህም፣ ጎረቤቱም፣ ሊያጽናናን የመጣውም ሁሉ አብሮ ይሰማል። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ብወጣ እንኳ አፌ እንደማይፈታልኝ አውቀዋለሁ። እናት ለወንድ ልጇ በአፏ የማትለው ነገር አለ። እጅ ግን እንደ አፍ ዓይን አፋር አይደለም መሰለኝ። ሌላ ጊዜ የምትጽፍልኝ ሰላም ነበረች፤ ይህን ግን እኔው በስድስተኛ ክፍል እጄ እየጻፍኩት ነው። ሁለት መስመር እጽፍና ይደክመኛል፤ ተነሥቼ እንጨት አስገብቼ፣ በጎቹን አይቼ እመለሳለሁ። ፊደሉ አቀበትና ቁልቁለት ቢሆንብህ ታግሠህ አንብበኝ።

ያገሩን ወሬ አስቀድሜ ልንገርህ። በልጉ ዘንድሮ አስቸገረን። ገብሱን ዘርተን ሰማይ ሰማይ እያየን ነው፤ ደመናው ከቆላው ይነሣና ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ይበተናል። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች፤ አንደኛውን አልቀበልም ስላለችው ሰላም በጡጦ እያሳደገችው ነው። መንገዱ ሲዘጋም ሲከፈትም ነው፤ ሰው ገበያ የሚወጣው አስቀድሞ ጠይቆ ነው። አባትህ ከተዝካሩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ከመሳምና በጎቹን ከማየት በቀር የትም አይሄዱም። ጾሙ ገብቷል፤ ለነገሩ ባይገባም የሚበላ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ለተዝካሩ ስትመጣ ደጋግሜ አየሁህ። ዳሱ ውስጥ ሰው እየተንጫጫ፣ ቄሶቹ እያዜሙ፣ አንተ ምሰሶውን ተደግፈህ ተኝተህ ነበር። ሰዉ «መንገድ አድክሞት ነው፣ ተዉት» አለ። በማግስቱም ተኝተህ ዋልክ። የገብሱን ጆንያ ከደጅ ወደ ውስጥ ስታስገባ መንገድ ላይ አስቀምጠኸው ተቀመጥክበት። ድሮ እኮ ጆንያውን ከነሰላም ተሸክመህ የምትሮጥ ነበርክ። ምን ሆነህ ነው ስልህ «የጅቡቲ ሙቀት ነው እማዬ፣ አጥንት ያቀልጣል» ብለህ ሳቅህ። ስትስቅ አገጭህን አየሁት። ሠላሳን ያለፈ ወንድ አገጭ እንደ ሰላም አገጭ ልስልስ ብሎ። የምትሄድ ዕለት ደግሞ የጫማህን ክር እያሰርክ «ተኝቼ ስነሣ ሳልተኛ የተነሣሁ ይመስለኛል» አልከኝ። ልጄ፣ ይህችን ቃል ከወንድምህ አፍ ስሰማት የኖርኩ ነኝ። አንድ ፊደል እንኳ አልጎደለባትም። አንተ መኪናው ውስጥ ገብተህ ስትሄድ ደጅ ቆሜ ያለቀስኩት ለሞተው ብቻ አልነበረም።

ስለ ወንድምህ ስለ ብርሃነ መስቀል አሟሟት ለለቀስተኛው የነገርነውን ለአንተም ነግረንሃል። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን በማለዳ ወደ ፋብሪካው ሲሄድ ውርጭ በያዘው ድንጋይ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ፤ ተኝቶ ሳለ ታኅሣሥ ላይ የረጋ ደም ሳንባው ውስጥ ገብቶ ገደለው። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከመሃሉ ያስቀረነው አለ።

ያስቀረነው ይህ ነው። ሐኪም ቤት ራጅ ካነሡት በኋላ ዶክተር ማኅደረማርያም የሚባል ወጣት ሐኪም፣ በዕድሜ ከወንድምህ ብዙም የማይበልጥ፣ ፊልሙን ወደ ብርሃን ዘርግቶ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እማማ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ። ሠላሳ ሦስት አልኩት። «ይህ አጥንት ግን የሽማግሌ አጥንት ነው» አለ። ደሙን ቀድተው መረመሩ። የተኛበት አልጋ አጠገብ መጥቶ ጢሙን፣ ብብቱን፣ ጡንቻውን አየ። በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን ያህል እንደሚደክመው ጠየቀው። ወንድምህም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደክመው እንደኖረ ነገረው። አባትህ «ሰነፍ ነው ስንል ነው የኖርነው» አሉ። ዶክተሩ ቀና ብሎ አላያቸውም። «በልጅነትህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ይዞኛል አለ። «ወደ ታችስ? ቆለጥህን አሳብጦህ ነበር?»

ስሙን ጻፍኩት እንግዲህ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ አይከብደኝም።

ወንድምህ ዓይኑን ወደ አባትህ መለሰ። «ለአባባ ነግሬያቸው ነበር» አለ። አባትህ ደንግጠው «ለእኔ? ምን ብለህ?» አሉ። «ወረደ ብዬ» አላቸው።

ያኔ አንተ አሥራ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ እሱ አሥራ አምስት። ጉንጩ ከነአንገቱ አብጦ፣ ፊቱ ቅል መስሎ ተኝቶ ሳለ አባትህ ከአሊዩ አምባ ገበያ ይመለሳሉ። ከደጅ ሆነው በቅሎውን እየፈቱ «አንተ ልጅ፣ እብጠቱ እንዴት ሆነ?» ይላሉ። እሱ ከውስጥ «ወረደ» ይላል። አባትህ «ተመስገን! ተመስገን!» ይላሉ። እኔም ምድጃው ጋ ሆኜ አብሬ ተመስገን ብያለሁ። ለካስ ልጁ ያለው ሌላ ነው። ጉንጩ ሊጎድል ሲጀምር ሕመሙ ወደ ታች ሄዶበት፣ ስሙን መጥራት አፍሮ፣ በአንዲት ቃል መናገሩ ነበር። ዶክተሩ «ከዚያስ ለምን ደግመህ አልነገርካቸውም?» ቢለው ምን እንዳለ ታውቃለህ? «ተመስገን ሲሉ ጊዜ፣ እዚያ መውረዱ ደግ ነገር መሰለኝ።»

አባትህ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል በአፋቸው አያስገቧትም። ዋጋ ሲረክስ «ረከሰ»፣ ፀሐይ ስትጠልቅ «ገባች» ይላሉ። ከመኪና ሲወርዱ እንኳ «ከመኪናው ተለየሁ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ሰላም መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ገብቷት ተወችው።

ከዚያ ዶክተሩ አስቀምጦ አስረዳን። በገባኝ መጠን እጽፍልሃለሁ። በወንድ ቆለጥ ውስጥ ዘር ከሚሠራው ሌላ፣ ሆርሞን የሚባለውን የሚሠሩ ጥቃቅን ሴሎች አሉ አለ። ሴል ማለት ቤት በጡብ እንደሚሠራ ሰውነታችን የተሠራበት፣ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። እነዚያ የሚሠሩት ሆርሞን በደም ይዞርና ጢም ያበቅላል፣ ድምፅ ያጎረንናል፣ አጥንት ያጠነክራል፣ ለሰው ጉልበትና የመነሣት ፍላጎት ይሰጣል። አጠገባቸው ደግሞ፣ እዚያው ግድግዳ ለግድግዳ፣ ዘበኞች ይኖራሉ አለ፤ ሰውነት በሽታ ሲገባበት የሚዋጉለት ሴሎች። በደህና ቀን ጎረቤታሞች ናቸው። ዘበኛው ለሠራተኛው የሥራውን ዕቃ ያቀብለዋል፤ ሠራተኛው ደግሞ በሚሠራው ሆርሞን ዘበኛውን ያረጋጋዋል። አንዱ ያለ አንዱ ደህና አይሆንም። ጆሮ ደግፉ እዚያ ሲገባ ግን ዘበኛው በቁጣ ይነሣል። በሽታውን ሊገድል የሚረጨው ነገር ጎረቤቱንም ያገኘዋል፤ ሠራተኛው ሥራ ይፈታል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ሆርሞኑ ሲያንስ ደግሞ ዘበኛውን የሚያረጋጋው ነገር ይጠፋል፤ በሽታው ከወጣ በኋላም ጠቡ ሳይበርድ ሊቆይ ይችላል አለ።

እኔ ዘበኛ የሚለው አልዋጥልህ አለኝ። «ዶክተር ልጄ፣ ዘበኛማ ደመወዙን ተቀብሎ ይተኛል፤ የምትለው የበግ ውሻ ነው» አልኩት። ጅብ በረት ሲገባ ውሻው ይነሣል፤ በጨለማ ጅቡን እነክሳለሁ ሲል ግልገሉንም ይነክሳል። ሲነጋ ጅቡ የለም፤ ግልገሉ ግን ተኝቷል። ውሻውም ከዚያ ወዲያ የሚያረጋጋው አጥቶ ሲቅበዘበዝ ይኖራል። ዶክተሩ «እንደሱ ነው እማማ፣ እንደሱ ነው» አለ። ወንድምህ ሳቀ። ዳሌው ስለሚያመው ጎኑን በእጁ ይዞ ነው የሳቀው፤ «እማዬ፣ ስንት ዓመት የተማረበትን በአንድ አፍ ውሻ አደረግሽበት» አለኝ። ከልቡ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው እሱ ነው።

አባትህ ከእኔ ቀድመው ነው የገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን በግ ሲያኮላሹ፣ ሙክት ሲያደልቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቆለጡ የተወሰደበት በግ እንዴት ዝግ እንደሚል፣ እንዴት እንደሚሰባ፣ አንገቱ እንዴት እንደሚለሰልስ ያውቃሉ። ፋብሪካ ያሉት ጓደኞቹ ወንድምህን «ሙክቱ» ይሉት እንደነበር አንተም ሰምተሃል። በዓል ሲደርስ «ሙክቱ መጣ፣ ዘንድሮ ስንት ነው ዋጋህ?» ይሉታል፣ እሱም «ለእናንተ ኪስ አልሆንም» እያለ አብሮ ይስቃል። ፊቱ ሞላ ስላለ የሚቀልዱበት መስሎኝ ነበር። ሚስት አግባ ስንለው «ቆይ እስቲ መጀመሪያ ልረፍ» የሚለውም ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ወደ አንኮበር ስንመለስ አባትህ መኪናው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «በበግ ላይ የማውቀውን በልጄ ላይ አላወቅኩትም» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ በመስኮት ሲያዩ ነው የመጡት።

ልጄ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ እንድታለቅስ አይደለም። ዶክተሩ ያለውን ቀሪ ነገር ያድርሱለት ስለተባልኩ ነው። ያኔ በሽታው ሲይዘው ብናውቅ ኖሮም ከዕረፍትና ከማስታገሻ በቀር ብዙ የሚደረግለት አልነበረም አለ። ካደገ በኋላ ግን በመርፌ የሚሞላለት ነገር ነበር። ሰውነቱ የማይሠራውን ሆርሞን ከውጭ ይሰጡታል፤ ሰው እንደ ሰው ይሆናል፣ አጥንቱም ይጠነክራል። ለብርሃነ መስቀልም ዳሌው ሲጠገን እንጀምርለታለን ብሎ ነበር። አልደረሰለትም። ከዚያ «ወንድም አለው?» አለ። አለው አልነው። «አብሮት ታሞ ነበር?» አለ። አባትህ አዩኝ፣ እኔም አባትህን አየሁ። «እንግዲያው እሱም ይታይ» አለ።

እና አሁን የምጠይቅህን ጠይቄህ ልረፍ። አንተ የታመምከው ከወንድምህ ቀጥሎ ነው፤ በአንድ ቁርበት ስለምትተኙ እሱ ሳይነሣ አንተ ወደቅህ። ጉንጭህ ከጎደለ በኋላ እግርህን አንፈርጥጠህ ትሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሰላም ያኔ ትንሽ ናት፤ በቅሎ የጋለበ ሰው ነው እያለች ከኋላህ እግሯን አንፈርጥጣ ትከተልህ ነበር፣ አንተም ድንጋይ ታነሣባታለህ። ቤቱ ሁሉ ስቋል። ልጄ፣ ያኔ ምንህን አሞህ ነበር? ለእኔ መመለስ ካፈርክ አትመልስልኝ። ለሐኪም ግን መልስ።

ምንም ላይሆን ይችላል። ዶክተሩ ራሱ፣ ወደዚያ የሚሄደው በአንዳንዱ ወንድ ላይ ነው፣ ከሄደባቸውም ብዙዎቹ አንድ ወገናቸው ብቻ ስለሚነካ ደህና ይኖራሉ ብሏል። የአንተም ድካም እንዳልከው ሙቀቱ ይሁንልኝ። ሌሊት ስጸልይ «ሙቀት አድርገው» ነው የምለው። ግን በሙቀት ጢም ይጠፋል ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እንደገና እተኛለሁ፤ እንቅልፍ ግን የለም።

የምታደርገው ይህ ነው። በጠዋት ሄደህ የወንድ ሆርሞን መጠን ይታይልኝ ትላለህ፤ ደሙ በጠዋት ካልተቀዳ ልኩን አይናገርም ብሏል። ወንድሜ አንሶት አጥንቱ ሳስቶ ነበር፣ እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጆሮ ደግፍ ታምሜያለሁ በል። ዝም ብለህ «ይደክመኛል» ካልካቸው ኪኒን ሰጥተው ይሸኙሃል፤ ወንድምህንም ስንት ዓመት እንደዚያ ሸኝተውታል። የዚያ አገር ቋንቋ ካስቸገረህ ድሬዳዋ ድረስ ናና ታይ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ኃይለኢየሱስ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌሩን ታውቀዋለህ። ምን እንደያዘ አያውቅም፣ አትሸማቀቅበት።

ታፍራለህ፤ አውቃለሁ። እኔም ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ በእጄ እንዲህ ያለ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። የዘር ነገር፣ የወንድነት ነገር ሆኖ ሰው እንደሚስቅበት አየሁት። ወንድምህ የተሳቀበትን አብሮ ስቆ ዝም ብሎ ሞተ። አንተ ግን ልጄ፣ ይሳቁብህ። ይሳቁብህና ኑርልኝ። ከአፈርና ከእፍረት ምረጪ ያለኝ ሰው ባይኖርም እኔ እፍረቱን መርጫለሁ። አፈሩን አይቼዋለሁ።

ሰላም እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሃለች፤ በጡጦ የምታሳድገውን ግልገል በስምህ ጠርታዋለች፣ እንዳትቆጣ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ይሉሃል። አብረውህ ለሚያድሩት ልጆች ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬን ስጥልኝ፤ ለተዝካሩ አዋጥተው የላኩትን እግዚአብሔር በልጅ በወንድም ይክፈላቸው።

አባትህ ደብዳቤውን ለማን እንደምጽፍና ስለ ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው አወቁት። ፋሲካ አልፎ ካልተመረመርክ ራሳቸው እንደሚመጡ ንገሪው ብለዋል። ለአፍ አይምሰልህ፤ ጋቢና ላይ ቦታ እንዲይዝላቸው ከኃይለኢየሱስ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከአሊዩ አምባ ገበያ ያለፈ ቆላ አይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ትናንት ወፍራሙን ጋቢያቸውን አሳጥበው ሲያጥፉት አየሁና፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልዎታል አልኳቸው። «ወረፋ ስንጠብቅ ልጁ ይደክመዋል» አሉኝ፤ «ይተኛበታል።»

እናትህ ሙሉዬ
አንኮበር
መጋቢት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.